ቅድመ ቁርስ

«አንቲ-ጄንታኪዩለር ሰርከምጃይሬሽን።» ስለ ጄረሚ ቤንታም የተጻፈ አጭር ጽሑፍ ወደ አማርኛ ስመልስ መንገድ ላይ የተገተረብኝ ሐረግ ይህ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በየማለዳው በጓሮው አትክልት ስፍራ የሚያደርገውን ነገር በዚህ ስም ይጠራው ነበር። ቸኩዬ ስለነበር «ፀረ ቁርስ መሽከርከር» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ። ማታ መልሼ ሳነበው፣ ሰውየው ቁርስን በመቃወም አበባ መሃል እንደ እንዝርት ሲሾር ታየኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ስህተቱን ለማረም አምስት ደቂቃ በቂ ነበር፤ ነገሩ ከቁርስ በፊት የሚደረግ የእግር ጉዞ ነው። ቃሉ ግን አልለቀቀኝም። «ጄንታኪዩለር» ቅጽል ነው፤ ትርጉሙ «የቁርስ፣ ቁርስን የሚመለከት» ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ዛሬ ቁርስ ላይ ተቀምጦ በዚህ ቃል የሚጠቀም እንግሊዛዊ የለም። ከቋንቋ የወደቀ ቃል በሽ ነው፤ አንድ ተጨማሪ ቢወድቅ ማንንም አያስለቅስም። የዚህ የሚቆረቁረው፣ በዚያው ሰው አፍ ያደገ ወንድሙ ዛሬ የማይገባበት ደጅ አለመኖሩ ነው።

## አንድ አፍ፣ ሁለት ቃል

ቤንታም (1748–1832፤ እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነገሮችን መሰየም ነፍሱ ነበር። ከዘራውን «ዳፕል»፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን «ዲኪ» ይላቸው ነበር፤ ድመቱ ሳይቀር «ሰር» የሚል ማዕረግ ነበረው። ለሕግ ጽሑፎቹ የሚስማማ ቃል ሲያጣ ከላቲን ቀድዶ ይሰፋል። «ማክሲማይዝ»፣ «ሚኒማይዝ»፣ «ኮዲፋይ» የእርሱ ስፌት ናቸው።

ከሁሉ የገነነው «ኢንተርናሽናል» ነው። በ1789 ባሳተመው የሕግ ፍልስፍና መጽሐፍ ግርጌ ላይ፣ ቃሉ አዲስ መሆኑን ያምናል፤ ከነባር ቃላት ጋር ስለሚመሳሰል ግን ለመረዳት እንደማያስቸግር ተስፋ ያደርጋል። ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። ዛሬ እኛ ዘንድ «ዓለም አቀፍ» ያልተለጠፈበት ሆቴል ወይም ትምህርት ቤት ፈልጉ ብትባሉ ቀኑ ይመሽባችኋል። ጄንታኪዩለር ደግሞ የሚታወሰው በዚያ የማለዳ ዙረት ብቻ ነው፤ እርሱም እንደ ቀልድ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። መልአኩ እዚህ ያዳላ ይመስላል። በሰዋስው ካየናቸው ሁለቱ ቃላት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ጭራቸው ሳይቀር አንድ ነው፣ አንዱ በ«ል» ሌላው በ«ር» ቢጨርስም። ይህን ለማየት ቃሉን መበለት ያስፈልጋል።

## እንደ ዶሮ መበለት

ዶሮ የምትበልት ሴት መገጣጠሚያውን በጣቷ ዳብሳ ነው ቢላዋውን የምታሳርፈው። አጥንት ላይ ካሳረፈችው ይሰነጠቅና ወጡ ውስጥ ስንጣሪ ይገባል። የላቲን ቃልም እንዲሁ ነው፤ የእኔ «ፀረ ቁርስ» የመጣው ገና ከአንገቱ ስቼ ስለቆረጥኩ ነው።

«አንቴ» የላቲን ነው፤ «ፊት፣ በፊት» ማለት ነው። «አንቲ» የግሪክ ነው፤ ፀረ። በእንግሊዝኛ አፍ ግን ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ «አንቲ» ስለሚባሉ ጆሮ አይለያቸውም፤ በጽሑፍ የሚለያቸው አንድ ፊደል ነው። እኔ ደግሞ ያንን ፊደል ዘለልኩት። ጤና ጣቢያ የሠራ ሰው ይህን ስህተት አይሠራም፤ «አንቲኔታል» የሚለውን «ቅድመ ወሊድ» ብሎ ካርድ ላይ ሲጽፍ የኖረ ነውና። እርሱን «ፀረ ወሊድ» ብሎ የመለሰ ሰው እርጉዟን ወደ ሌላ ክፍል ይልካታል። ስትጠራጠሩ የሚከተለውን ቃል ዘር እዩ። በፊት የሚለው «አንቴ» አብዛኛውን ጊዜ የሚጣበቀው ከላቲን ቃል ጋር ነው፤ ፀረው «አንቲ» ግን ያገኘው ላይ ሁሉ ይለጠፋል። ስለዚህ የግሪክ ቃል ካያችሁ «ፀረ» ብላችሁ እለፉ፤ የላቲን ቃል ካያችሁ ቆም በሉና ፊደሉን ቁጠሩ።

ቀጥሎ መሃሉ። የቁርስ የላቲን ስሙ «ዬንታኩሉም» ነው፤ ጠበቅ ተደርጎ የሚነበበው «ታ» ላይ ነው። «ዬንታሬ» ቁርስ መብላት ማለት ነው። ከዚህ ግስ ግንዱ «ዬንታ» ይወሰድና «ኩሉም» ይቀጠልበታል። «ኩሉም» ግሱ የሚከናወንበትን መሣሪያ፣ ቦታ ወይም ነገር የሚሰይም ምዕላድ ነው፤ የእኛ «ማጨጃ»፣ «መቀመጫ»፣ «መጥረጊያ» ላይ ያለው «መ…ያ» የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ማየት «ስፔክታሬ»፣ የሚታይ ነገር «ስፔክታኩሉም»። መጸለይ፣ መናገር «ኦራሬ»፤ አምላክ ይናገርበታል የሚባለው ቦታ «ኦራኩሉም»። መጫን፣ ማጓጓዝ «ቬሄሬ»፤ መጓጓዣው «ቬሂኩሉም»። በዚህ ሒሳብ ዬንታኩሉም ቃል በቃል «መቆረሻ» ቢባል ያስኬዳል።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ላቲን ሌላም «ኩሉም» አለው፤ ያኛው የማሳነሻ ነው። «ኮርፑስ» አካል፣ «ኮርፑስኩሉም» ትንሽዬ አካል። «ቬንቴር» ሆድ፣ «ቬንትሪኩሉስ» ትንሽ ሆድ፤ የልብ ክፍሎች የሚጠሩበት «ቬንትሪክል» የመጣው ከዚህ ነው። ፈረንሳዮች ቁርስን «ፕቲ ዴዠኔ»፣ ማለት ትንሹ ምሳ፣ ስለሚሉት ዬንታኩሉምንም «ትንሿ ምግብ» ብሎ መተርጎም በጣም ያጓጓል። ስህተት ነው። መለያው ቀላል ነው፤ «ኩሉም»ን ቁረጡና የቀረውን እዩ። የቀረው የግስ ግንድ ከሆነ መሣሪያ ነው፤ የቀረው ስም ከሆነ ማሳነሻ ነው። «ዬንታ» ግስ ነው።

አሁን ጭራው። ላቲን ከስም ቅጽል ሲሠራ ብዙ ጊዜ «አሊስ» ይቀጥላል፤ «ሞርታሊስ»፣ «ናቫሊስ»። እንግሊዝኛ ከዚያ «ኢስ»ን ጥሎ «አል» ያስቀራል። ችግሩ የሚመጣው ስሙ ራሱ ውስጥ «ል» ሲኖር ነው። ሁለት «ል» ተከታትለው ሲመጡ የሮማውያን ምላስ ይደነቃቀፍ ነበርና ሁለተኛውን ወደ «ር» ለወጡት። «አሊስ» «አሪስ» ሆነ። ስለዚህ «ሶላር» እንጂ «ሶላል»፣ «ፖፑላር» እንጂ «ፖፑላል» የለም። ዬንታኩሉም ውስጥም «ል» ስላለ ቅጽሉ «ጄንታኪዩለር» ሆነ፤ «ስፔክታኪዩለር» በወጣበት በር ነው የወጣው። «ናሽን» ውስጥ ግን «ል» የለም፤ ስለዚህ «ናሽናል»፣ «ኢንተርናሽናል»። የሞተውና የኖረው ቃል ያንኑ ጭራ ይዘው፣ አንዱ በምላስ መደነቃቀፍ ምክንያት ብቻ መልኩን የለወጠ ሆነው ተገኙ። ሕጉ ቀዳዳ የለውም ማለት አይደለም፤ «ሊጋል» የሚለው ቃል «ል» እያለበትም በ«አል» ጨርሷል። በሁለቱ «ል»ዎች መሃል እንደ «ግ» ያለ ድምፅ ሲገባ ምላስ ዕረፍት ስለሚያገኝ ነው የሚሉ አሉ፤ ያሳምናል።

ሊያጣሩ ለሚፈልጉ አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ሮማውያን «ጄ» የሚባል ፊደል አልነበራቸውም፤ በ«አይ» ነበር የሚጽፉት፣ ድምፁም «ይ» ነው። «ጄ» ራሱን ችሎ የቆመው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። በዚህ ምክንያት በ1879 የታተመው የሉዊስና ሾርት የላቲን መዝገበ ቃላት ዬንታኩሉምን በ«ጄ» ሥር ያስቀምጣል፤ በ20ኛው መቶ ዘመን የወጣው የኦክስፎርዱ ደግሞ በ«አይ» ሥር። አንዱን ይዞ በሌላው ፊደል የፈለገ ሰው «ቃሉ የለም» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል።

## ባዶ ሆድ

እስከዚህ ያለው ሥራ የእጅ ሥራ ነው። ነገሩ የተገለበጠብኝ ግን «ዬንታሬ» ራሱ ከየት መጣ ብዬ ስጠይቅ ነው። የሥርወ ቃል ሊቃውንት ከ«ዬዩኑስ» ጋር ያዛምዱታል። (በ«የ» ብጽፈው ዩኑስ የሚባል ሰው ንብረት ስለሚመስል ነው በ«ዬ» የጻፍኩት።) ዬዩኑስ ማለት ጾመኛ፣ ምግብ ያልቀመሰ፣ ባዶ ሆድ ማለት ነው። ቁርስ የሚለው ቃል ሥሩ ሲቆፈር ጾም ተገኘበት።

ከዚያ ወዲያ ይህ ባዶ ሆድ የማይገኝበት ቦታ አጣሁ። ትንሹ አንጀታችን ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው «ዱዎዴነም» ይባላል፤ ርዝመቱ አሥራ ሁለት ጣት ያህላል ተብሎ ነው የተሰየመው። ሁለተኛው፣ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝመው፣ «ጀጁነም» ነው፤ ጾመኛው አንጀት። የጥንት ሐኪሞች ሬሳ ሲከፍቱ ብዙ ጊዜ ባዶውን ስለሚያገኙት ነው ይህን ስም ያወጡለት፤ ግሪኮችም በቋንቋቸው ያው «ጾመኛ» ይሉት ነበር። አንጀቱ በጾም ስም ተጠርቶ ይቀራል፤ የእኛም «አንጀቴ ተጣበቀ» የሚል ሰው ሳያውቀው የጥንት ሐኪሞችን ስም ይደግማል።

ከአንጀት ወደ መሬት እንውረድ። ሮማውያን ስስ፣ ጭንጫ፣ ፍሬ የማይሰጥ መሬትንም ዬዩኑስ ይሉታል። የሮማው ገጣሚ ቨርጂል ስለ ግብርና በጻፈው ግጥም የዳገት ጠጠርን ጾመኛ ብሎ ጠርቶታል። ይህን ሳነብ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ምክንያቱም የእኛ ገበሬም «መሬቱ ጦም አደረ» ይላል። መሬት ያልበላ ያህል፣ ማታ ሳይቀምስ የተኛ ያህል። ልዩነት አለው፤ የእኛ ጦም አዳሪ መሬት ያልተዘራ ነው፣ ለም ሊሆንም ይችላል፤ የእነርሱ ጾመኛ መሬት ቢዘራበትም የማያበቅል ነው። የእኛው የከለከሉት ነው፣ የእነርሱ የሌለው። ግን ማን ለማን ነገረው? ማንም። ማረሻ የሚይዝና በዓመት ውስጥ የሚርበው ሰው ሁሉ አፈርን በሆዱ መለካቱ አይቀርም።

የሮማው አንደበተ ርቱዕ ሲሴሮ ደግሞ ይህንኑ ቃል ከማሳ ወስዶ ንግግር ላይ አኖረው፤ ደረቅ፣ ስብ የሌለው፣ ሰሚን የማያጠግብ ንግግር ዬዩኑስ ነው። እንግሊዝኛ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ቃሉን «ጀጁን» ብሎ ሲቀበል ሁሉንም ትርጉም ጠቅልሎ ወሰደ፤ ጾመኛ፣ ጭንጫ፣ ደረቅ። ጾመኛው ትርጉም ሞተ። ደረቁ ኖረ።

ከዚያ አንድ አስቂኝ ነገር ተፈጠረ። ዛሬ «ጀጁን» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ያልበሰለ፣ የልጅ ነገር» በሚል ትርጉም ነው። ይህ ከላቲኑ ጋር አይገናኝም። ሰዎች ቃሉን ሲሰሙ «ጁቨናይል» እና ወጣት የሚለው የፈረንሳይኛ «ዠን» ትዝ ስላላቸው ነው። ፈረንሳይኛ ውስጥ ጾምም «ዠን» ነው፤ የሚለየው «ዩ»ዋ ላይ የምትደፋ ትንሽ ቆብና ጠንቃቃ ጆሮ የሚይዘው የአናባቢ ልዩነት ነው። ቆቧ ከወደቀች ጾመኛው ወጣት ይሆናል። በእኛ ቤት ብዙ የሚያስቅ አይደለም፤ «አለ» ብለን ጽፈን ሰውየው ተናገረ ይሁን ወይስ በሕይወት አለ፣ አንባቢ እንዲገምት የምንተው ሰዎች ነን።

## የተንሸራተተ ማዕድ

ላቲን ጾምን ለመፍታት «ዲስዬዩናሬ» የሚል ግስ ነበረው። ከዚህ ከአንዱ ግስ ፈረንሳይኛ ሁለት ልጅ ወለደ፤ «ዴዠኔ» እና «ዲኔ»። እንግሊዝኛ ሁለተኛውን ወስዶ «ዲነር» አለው። እንግዲህ የእንግሊዙ «ብሬክፋስት» ጾም መስበር ነው፣ «ዲነር»ም ሥሩ ጾም መስበር ነው። አንድ ሰው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጾሙን ይሰብራል፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መልሶ ያንኑ ጾም ይሰብራል። በፈረንሳይ ዴዠኔ ምሳ ነው፤ በቤልጂየም፣ በስዊዘርላንድና በኩቤክ ቁርስ ነው፣ ዲኔ ደግሞ ምሳ። ከፓሪስ ዘመድ ጋር በስልክ ለዲኔ የተቀጣጠረ የብራስልስ ሰው የስድስት ወይም የሰባት ሰዓት ልዩነት ይጠብቀዋል።

ከሁሉ የተንሸራተተው ግን የእኛው ዬንታሬ ነው። በፖርቱጋልኛ አልሞተም። «ዣንታር» ሆኖ ሊዝበንም ሪዮም አለ፤ ትርጉሙ እራት ነው። የሮማ ዳቦ ጋጋሪ በዶሮ ጩኸት ለተማሪ ልጆች የሚሸጠው ቁርስ፣ ገጣሚው ማርሺያል በሁለት ስንኝ የተወልን ሥዕል ነው፣ ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ ቀኑን እየተንሸራተተ ወርዶ ማታ ላይ አረፈ። ቁርስ ፖርቱጋል ውስጥ «ትንሹ ምሳ»፣ ብራዚል ውስጥ «የጠዋት ቡና» ሆኗል።

ምግብ ለምን ይንሸራተታል? ሮማዊው ጠዋት የሚቀምሰው ጥቂት ነበር፤ ዳቦ በጨው ወይም በወይን ጠጅ የተነከረ፣ ቢገኝ አይብ፣ ወይራ፣ ማር። ብዙዎቹ ጭራሽ አይቀምሱም። ዋናው ማዕድ «ቼና» ነው (በጥንቱ አነባበብ «ኬና»)፣ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ። ይህን ዘጠኝ ሰዓት ለአማርኛ አንባቢ መተርጎም አያስፈልግም። ሮማውያንም እንደ እኛ ከንጋት ነበር የሚቆጥሩት፤ ልዩነቱ የእነርሱ ሰዓት ብርሃኑን ለአሥራ ሁለት ስለሚያካፍል በክረምት ወደ አርባ አምስት ደቂቃ መኮማተሩ፣ በበጋ ወደ ሰባ አምስት መለጠጡ ነው። ኑሯቸው እንደ እኛ ወደ ምድር ወገብ ቀረብ ያለ ቢሆን ይህ ጣጣ ባልኖረባቸው። ቀኑን ሙሉ ሲበላ የሚውለው ባለጌ ብቻ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ በ69 ለጥቂት ወራት የነገሠው ቪቴሊየስ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራትና የማታ ፈንጠዝያ እያለ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ግብር መብላቱ በታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒየስ ተመዝግቦ ቀርቷል።

ክርስትና ሲመጣ ነገሩ ጠበቀ። የነገረ መለኮት ሊቁ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ዘመን የሆዳምነትን አምስት መልኮች ሲቆጥር አንዱ «ያለ ጊዜው ቀድሞ መብላት» ነው። ጾም የሚፈታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ላቲኑ «ኖና» በሚለው ሰዓት ነበር። ረቡዕና ዓርብን የሚጾም አንባቢ እዚህ ጋ ፈገግ ሊል ይችላል። ከዚያ ምን ሆነ? ኖና ቀስ በቀስ ወደ ፊት መጣች። ስምንት ሰዓት፣ ሰባት ሰዓት፣ በመጨረሻ ስድስት ሰዓት። እንግሊዞች ቀትርን «ኑን» የሚሉት ከዚህ ነው፤ ቃሉ ዘጠነኛ ይላል፣ ሰዓቱ ስድስት ነው። የተራቡት መነኮሳት ናቸው የጎተቷት የሚለው ማብራሪያ ከቀልድ ያለፈ እውነት አለው፤ ጸሎቱ ሲቀድም ማዕዱም ይቀድማልና። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ዓረቦችም ከዚሁ ጉድጓድ ነው የቀዱት። «ኢፍጣር» እና ቁርስ የሚሉበት «ፉጡር» አንድ ሥር ናቸው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠሩ እህቶቻችን ሁለቱንም ከማንም ይበልጥ ያውቋቸዋል። ላቲን፣ እንግሊዝኛ፣ ዓረብኛ፣ ሁሉም የቀኑን የመጀመሪያ ምግብ በፊቱ ባለው ረሃብ ሰየሙት። ጾም የበዛበት አገር የእኛ ሆኖ ሳለ፣ አማርኛ «ቁርስ» ያለው ከመቁረስ ነው። እነርሱ ጾሙን ሰበሩ፣ እኛ ዳቦውን። ጾም መግደፍ የሚል ሌላ ቃል ስላለን ይሆናል፤ «ገደፈ» በግዕዝ ጣለ ማለት ነው፣ በአማርኛ ደግሞ ጾሙን የተወም፣ ሲጽፍ ፊደል የዘለለም ገደፈ ይባላል። የእኔዋ የ«አንቴ» ፊደል በሁለቱም መንገድ ግድፈት ናት።

## ሳይጠሩት አቤት

እንግዲህ ጄንታኪዩለር ለምን ሞተ? ረዥም ስለሆነ አይደለም፤ ስፔክታኪዩለር አንድ ክንድ ነው የሚረዝመው፣ ፊልም ማስታወቂያ ሁሉ ላይ አለ። ላቲን ስለሆነም አይደለም። ወንድሙ «ፕራንዲያል»፣ ምሳን የሚመለከት ማለት ነው፣ ዛሬም በየላቦራቶሪው አለ። የስኳር ሕመምተኛ ሁለት ጊዜ ደሙ ሲለካ አንዱ በባዶ ሆድ ነው፣ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ሳይበላ፤ ሌላው ከበላ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ እሱም «ፖስትፕራንዲያል» ይባላል። ሐኪሙ ፕራንዲያልን አሳዳሪ ሆኖት ኖረ። ምሳ ይሁን እራት ግድ የለውም፣ የበላ መሆኑ ብቻ ነው የሚፈለገው። ከቁርስ በፊት ያለውንም ጊዜ ሕክምና በደንብ ያውቀዋል፤ ግን «በባዶ ሆድ» ብሎ ጨርሶታል። ጄንታኪዩለር ሊቀመጥባት የምትችለው ወንበር ተይዛ ነበር።

በተራው ንግግርማ ከጅምሩ ቦታ አልነበረውም። እንግሊዝኛ ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ «ብሬክፋስት» የሚል ቃል ነበረው፤ ቃሉን ደግሞ እንዳለ ሌላ ስም ፊት ማቆም ይቻላል፤ የቁርስ ጠረጴዛ፣ የቁርስ ሰዓት ለማለት ቅጽል አያስፈልግም። አማርኛ «የ» ብሎ የሚገላገለውን እንግሊዝኛ ምንም ሳይጨምር ይገላገለዋል። ጄንታኪዩለር ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ያለ ቃል ነው። ኢንተርናሽናል ሲመጣ ግን አገሮች እርስ በርስ የሚዳኙበትን ሕግ ለይቶ የሚጠራ ቃል አልነበረም፤ ያለው «የአሕዛብ ሕግ» የሚል፣ አገር ውስጥ ያለውን ከውጭው የሚያምታታ ሐረግ ነበር። አንዱ ወደ ባዶ ቤት ገባ፣ ሌላው ሰው የሞላበት ቤት አንኳኳ።

ቤንታም ይህን የማያውቅ አይመስለኝም። ለሕግ ሲጽፍ ግርጌ ላይ አስረዳ፤ ለአትክልት ስፍራው ሲጽፍ አላስረዳም። ሁለተኛው ለመኖር የተሠራ አልነበረም።

ቀልድ ከሆነ ደግሞ ትርጉሙም እንደ ቀልድ መሠራት አለበት። «ከቁርስ በፊት የእግር ጉዞ» ትክክል ነው፣ ግን ሞቷል። ቀልዱ ያለው ተራ ነገርን የሊቅ ካባ ማልበስ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛ ካባ ሲፈልግ ወደ ላቲን ይሄዳል፣ አማርኛ ወደ ግዕዝ። «ቅድመ» አለን። «ሰርከምጃይሬሽን» ዙሪያውን መዞር ነው፤ «ዙረት» ብለው ሥራ ፈት ይመስላል፣ «ሽክርክሪት» ብለው ጨዋታ ይሆናል። ታቦት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞር ግን የሚባለው «ዑደት» ነው። ጎበጥ ያለ ሽማግሌ፣ ዳፕልን ተመርኩዞ፣ ዲኪ ምድጃ ላይ እየዘፈነች፣ የገዛ ጓሮውን በዑደት ሲዞር። «ቅድመ ቁርስ ዑደት» ብዬ ጻፍኩ። «ቁርስ» መሃል ላይ የግዕዝ ካባ ሳይለብስ መቅረቱ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ሁለት ካህናት መሃል እንደቆመ ተራ ምእመን ሆኖ ስላየሁት ተውኩት።

ገጹ ከአራሚ ሲመለስ ሐረጉ ሥር በእርሳስ ተሰምሮበታል። ዳር ላይ «ግድፈት?» የሚል ተጽፏል። እኔም ከሥሩ «የለም፤ ገና አልገደፈም» ብዬ መለስኩለት።